ጎንደር ላይ ብዙ የተነዳ ማርቸዲስ ወይም ቢኤም ስትገዙ ምን ምን ታያላችሁ፦ ደረጃ በደረጃ

ያገለገለ ማርቸዲስ፣ ቢኤምደብሊው፣ ሌክሰስ ምናምን ለመግዛት ያሰባችሁ ብዙ ናችሁ፣ ጎንደር ላይ እንዴት እንደሚታይ በቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ። ያው እንደምታውቁት በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባቱን በጣም አስወደደው፣ በ2016 ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሰራ የቤት አውቶሞቢል ጭራሽ እንዳይገባ ተባለ፣ ስለዚ አሁን ገበያ ላይ የምታገኙት ቅንጡ መኪና አብዛኛው ድሮ የገባ ነው፣ 15 እና 20 አመት የሞላው፣ 250 ሺ 300 ሺ ኪሎ ሜትር የሄደ። ቁጥሩ ብቻውን አያስፈራችሁ። ዘይቱ በጊዜው ሲቀየርለት የኖረ ባለ 300 ሺ መኪና ማንም ሳይከታተለው ከተነዳ ባለ 150 ሺ መኪና ይበልጣል፣ እነዚህ ሞተሮች ለረጅም መንገድ የተሰሩ ናቸው። እዚህ ከተማ መኪናውን የሚገድለው ሙቀት፣ ያልተቀየረ ዘይትና የመለዋወጫ እጥረት ነው፣ እኔም ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ እነዚህን ሶስቱን ለመያዝ ነው።

ደረጃ 1፦ መኪናውን ሳይሆን መጀመሪያ መካኒኩን ፈልጉ

ቪትዝና ኮሮላ ማንም ጋራዥ ይሰራላችኋል። ማርቸዲስና ቢኤም ግን ኮምፒውተር ያለውና ሞዴሉን ፈቶ የገጠመ ሰው ይፈልጋል። አዘዞም ሆነ ፒያሳ አካባቢ ያሉትን ጋራዦች ዞራችሁ "ጋሼ የትኛውን ማርቸዲስ ነው ደፍረው የሚሰሩት? እቃውስ ከየት ነው ሚመጣው?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ እቃው ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ነው የሚመጣው የሚል ነው፣ ይሄ ማለት ለአንድ የውሃ ፓምፕ መኪናችሁ ጋራዥ ቆሞ ቀናት ይጠብቃል፣ መንገዱ ሰላም ካልሆነ ደግሞ ከዛም በላይ። ስለዚ መካኒኩ የሚያውቀውን ሞዴል ግዙ።

ሞዴሎቹን በአጭሩ ልንገራችሁ፣ የየራሳቸው በሽታ አላቸው፣ ደብሊውና ኢ ብለው የሚጀምሩት ፋብሪካው የሰጣቸው የሞዴል መለያ ናቸው፣ አመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ደብሊው 124 (ከ1984 ገደማ እስከ 1995 የተሰራው ባለ አራት መአዘን ማርቸዲስ) ለእኛ አገር ከሁሉም የሚሻል ነው ብዬ አምናለሁ፣ ኤሌክትሮኒክሱ ትንሽ ነው፣ እግሩም ጠንካራ ነው። ከ1993 እስከ 1995 ያሉት ግን የሞተር ሽቦአቸው ላስቲክ እየተፈረፈረ ይራቆታልና ኮፈኑን ከፍታችሁ ሽቦውን በእጃችሁ ጎንበስ አድርጋችሁ እዩት፣ ከተሰባበረ መቀየር አለበት። ደብሊው 210 (ከ1995 እስከ 2002፣ ክብ ክብ ፊት ያለው) ሞተሩና ካምቢዮው ጥሩ ሆኖ ቆርቆሮው ዝገት ይበላዋል፣ በተለይ የፊት ሞላ የሚቀመጥበት ቦታ ዝጎ ከተላቀቀ ሞላው ይዘላል፣ አደገኛ ነው፣ በክሪክ አንስታችሁ ባትሪ አብርታችሁ እዩ።

ደብሊው 211 (ከ2002 እስከ 2009) ሲያዩት ልብ ይሰርቃል፣ ግን ሁለት ነገር እወቁ። እስከ 2006 ድረስ የተሰሩት ኤስቢሲ የሚባል በኤሌክትሪክ የሚሰራ ፍሬን አላቸው፣ ፓምፑ የተወሰነ የፍሬን ብዛት ቆጥሮ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፣ ሙሉ በሙሉ ሲያቆም ደግሞ የፊት ጎማ ብቻ ነው በእግር ጉልበት የሚይዝላችሁ። ሊማሊሞን ለሚወርድ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ከ2006 አጋማሽ በኋላ የወጣው ይሄን ትቶ ወደ ተራው ፍሬን ተመልሷል። ሁለተኛው፣ ኤም 272 የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር ላይ በመጀመሪያዎቹ አመታት የባላንስ ዘንጉ ጥርስ ያልቃል፣ ለመቀየር ሞተሩ መውረድ አለበት፣ ኮምፒውተሩ የካም ዘንግ አቀማመጥ ስህተት ካሳየ በቃ ተዉት። ደብሊው 204ን (ከ2007 እስከ 2014) የምታዩ ደግሞ የመሪ መቆለፊያው ሞተር ሲበላሽ መኪናው ቁልፉን አያውቅም፣ አይነሳም፣ ተቀይሮ ከሆነ ጠይቁ።

ቢኤም ኢ39 (ከ1995 እስከ 2003) እና ኢ60 (ከ2003 እስከ 2010) መንዳቱ ደስ ይላል፣ ግን የውሃ እቃቸው ፕላስቲክ የበዛበት ነው፣ እሱን ወደታች እመጣበታለሁ። ሌክሰስ ኤልኤስ 400 ደግሞ ሞተሩ የሚሽከረከረው በካቴና ሳይሆን በታይሚንግ ቺንጋ ስለሆነ በየ150 ሺ ኪሎ ሜትሩ ገደማ መቀየር አለበት፣ መቼ ተቀየረ ሲባል ባለቤቱ ካላወቀ አልተቀየረም ብላችሁ ያዙት።

ደረጃ 2፦ ሞተር ከመክፈታችሁ በፊት ወረቀት

ሊብሬውን ተቀበሉና የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና ቁጥር ነው፣ ለአውሮፓ ገበያ በተሰራ ማርቸዲስ ላይ ከመጀመሪያዎቹ ሶስት ፊደላት ቀጥሎ ያሉት ሶስት ቁጥሮች ሞዴሉን ይናገራሉ፣ 210 ወይም 211 ብሎ፣ ለአሜሪካ የተሰራው ላይ ግን ሞዴሉ የሚጻፈው በፊደል ነው። ሰውየው 211 እያለ ቁጥሩ ሌላ ከሆነ ወሬ አታብዙ።

ቀጥሎ ቀረጥ። እንዲህ አይነት መኪና ብዙ ጊዜ በዲፕሎማት፣ በኢንቨስተር ወይም ከውጪ በተመለሰ ሰው ስም ከቀረጥ ነጻ የገባ ሊሆን ይችላል፣ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም፣ ቀረጡ ደግሞ ከመኪናው ሊበልጥ ይችላል። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ጠይቁ፣ ከዛ መኪናው ፋይሉ ያለበት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ (ታርጋው አአ ከሆነ ፋይሉ አዲስ አበባ ነው ያለው) እዳና እገዳ እንዳለበት አጣሩ፣ የባንክ መያዣ፣ የፍርድ ቤት እግድ፣ የቅጣት ክምችት። ቦሎውና የሶስተኛ ወገን ኢንሹራንሱም የዘመኑ ይሁን።

"ውክልና ሰጥቼህ ንዳው፣ ስሙን በኋላ እናዞረዋለን" የሚል ሻጭ ይመጣል። በውክልና አትግዙ! ወካዩ ከሞተ ውክልናው ይቀራል፣ ሲፈልግም ይሽረዋል፣ ገንዘባችሁን ከወራሽ ጋር ስትከራከሩበት ትኖራላችሁ። ሻጩ ያገባ ከሆነ የትዳር አጋሩ አብራ ትፈርም፣ ያላገባ ከሆነ ማስረጃውን ያምጣ።

ደረጃ 3፦ ኪሎ ሜትሩ እውነት ነው ወይ

መጀመሪያ በማይል ይሁን በኪሎ ሜትር አረጋግጡ። ከአሜሪካ የገባ መኪና ዳሽቦርዱ የሚቆጥረው በማይል ነው፣ 150,000 የሚለው ቁጥር 241,000 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ደላላው ግን "150 ሺ ብቻ" ይላችኋል። ከዛ ቁጥሩን ከመኪናው አካል ጋር አስተያዩት፦ የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ተልጦ ለስልሶ፣ የመሪው ቆዳ አብረቅርቆ፣ የሹፌሩ ወንበር በበሩ በኩል ያለው ጎኑ ተቀዶ፣ ቁጥሩ ግን 110 ሺ ካለ ተመልሷል ማለት ነው። ማርቸዲስና ቢኤም ላይ ኪሎ ሜትሩ ከዳሽቦርዱ ሌላ በሌሎች ሳጥኖችም ይቀመጣል፣ ጥሩ ስካነር ያለው ሰው አውጥቶ ያነጻጽርላችኋል። የተመለሰ ኪሎ ሜትር ካገኛችሁ ትልቁ ችግር ቁጥሩ አይደለም፣ ሰውየው ሌላም የደበቀው አለ ማለት ነውና ተዉት።

እና አንድ የጎንደር ጥያቄ አለ፦ መኪናው ለሰርግ ሲከራይ የኖረ ነው ወይ? በጥር ሙሽራ ይዞ በአጃቢ መሀል በእግር ፍጥነት ሰአታት የሚጎተት መኪና ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ነው፣ ሞተሩ ግን ኤሲ ተከፍቶ ቆሞ ሲሰራ የቆየው ብዙ ነው፣ ሙቀቱም እንደዛው። የሰርግ መኪና አትግዙ እያልኩ አይደለም፣ ደረጃ 6ን ግን ለሱ ሁለት ጊዜ አድርጉት።

ደረጃ 4፦ ቆርቆሮው

በጠዋት ጸሀይ፣ ታጥቦ ሳይሆን ደርቆ እዩት። በኮፈንና በፓራፋንጎ (ጎማውን በሚሸፍነው ቆርቆሮ) መሀል ያለው ክፍተት ግራና ቀኝ እኩል መሆን አለበት። ብዙ ሰው ማግኔት ይዞ ይሄዳል ስቱኮ ለመፈለግ፣ ጥሩ ነው፣ ግን የደብሊው 211 ኮፈን፣ የፊት ፓራፋንጎና የፖርቶ ባጋሊ ክዳን አልሙኒየም ነው፣ የኢ60 የፊት ክፍልም አልሙኒየም ነው፣ እዛ ላይ ማግኔት ስላልያዘ ተጋጭቷል ብላችሁ ጥሩ መኪና እንዳትተዉ። የመስታወቶቹን ማህተም አንብቡ፣ አንዱ ብቻ ሌላ ብራንድ ከሆነ ለምን ተቀየረ በሉ። የወንበር ቀበቶውን እስከመጨረሻው ሳቡትና የተሰራበትን ቀን እዩ፣ ከመኪናው አመት ከተለየ ኤርባግ የፈነዳበት ግጭት ሊሆን ይችላል። ቁልፍ ስትከፍቱ የኤርባጉ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት፣ ጭራሽ ካልበራ አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሎታል። ጎማው ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብቡ፣ 2318 ካለ በ2018 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ አርጅቷል።

ደረጃ 5፦ በቀዝቃዛ ሞተር ማስነሳት

ሻጩን "ጠዋት እመጣለሁ፣ እንዳታስነሳው አደራ" በሉት፣ ስትደርሱ ኮፈን ከፍታችሁ ሞተሩን በእጅ ንኩት። ሞቆ ከጠበቃችሁ የሚደበቅ ነገር አለ ማለት ነው፣ ሌላ ቀን ተመለሱ። የዘይት ክዳኑን ክፈቱ፣ ከስሩ እንደ እርጎ የነጣ ነገር ካለ ውሃና ዘይት እየተቀላቀለ ነው። ሲነሳ ሰማያዊ ጭስ ለጥቂት ሰከንድ ከወጣ የቫልቭ ጎሚኒ ነው፣ ይሰራል፣ ስትረግጡት ያለማቋረጥ ሰማያዊ ከጨሰ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ነው፣ ይሄ ሞተር መክፈት ነው። በህዳርና በታህሳስ ጠዋት ነጭ እንፋሎት መውጣቱ የብርዱ ነው፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሞቆም ነጩ ካልጠፋና ጣፋጭ ጣፋጭ ከሸተተ ግን ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ነው።

ኮምፕሬሽን የምታስለኩ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ከመጽሀፉ አንሶ ቢመጣ አትደንግጡ፣ በኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባህር ወለሉ በሀያ ፐርሰንት ገደማ ስለሚያንስ ንባቡም በዛው ልክ ይወርዳል። ማየት ያለባችሁ ሲሊንደሮቹ እርስ በርስ ተቀራራቢ መሆናቸውን ነው፣ አንዱ ከሌሎቹ ከ15 ፐርሰንት በላይ ከወረደ ችግር አለ። ቱርቦ የሌለው ሞተርም እዚህ ጉልበቱ በሀያ ፐርሰንት ገደማ ይቀንሳል፣ ዳገት ላይ ትንሽ ቢከብደው ያ ጤነኛ ነው።

ደረጃ 6፦ ውሃው፣ ከሁሉም በላይ ውሃው

እዚህ ጋ ጊዜ ወስዳችሁ አንብቡልኝ። ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ክዳን በሌለው እቃ ውስጥ ተራ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። የብዙ ማርቸዲስ ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው በር) የሚከፍተው 87 አካባቢ ነው፣ ከ1999 በኋላ ያሉት ባለ ስድስት ሲሊንደር ኢ39ዎች ላይ ደግሞ 97 ላይ ነው። አያችሁት? ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ በሚሰራበት ሙቀት ላይ ውሃው እንዳይፈላ የያዘው የክዳኑ ግፊትና ኩላንቱ ብቻ ነው። ባህር ዳርቻ ላይ ያለ ሰው ደካማ ክዳን ይዞ ሊነዳ ይችላል፣ እኛ አንችልም። ቢኤሞች ላይ የውሃ ማጠራቀሚያው ፕላስቲክ ሲያረጅ ይሰነጠቃል፣ ግፊቱ ይወጣል፣ ውሃው ይፈላል፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይጣመማል፣ በቃ መኪናው ቆመ።

ስለዚ እንዲህ አድርጉ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ክፈቱ (ሲሞቅ በፍጹም!)፣ ውስጡ ጥርት ያለ ቀለም ያለው ኩላንት ከሆነ ሰውየው ይንከባከባል፣ ቡኒ የዝገት ውሃ ከሆነ የቧንቧ ውሃ ሲሞላበት ኖሯል፣ ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ዞር በሉ። ክዳኑን ዝጉና አስነሱት፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሶስት ደቂቃ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የላይኛው ጎማ ቱቦ ድንጋይ ከሆነ የሲሊንደር ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው፣ ጓርኒሲዮኑ አልቋል።

ከዛ ስለ ቴርሞስታቱ ጠይቁ። እኛ ጋ መኪና ሲሞቅ ቴርሞስታት ነቅሎ መጣል ልማድ ሆኗል፣ ቬንትላተሩንም (ማራገቢያውን) ሁሌ እንዲሽከረከር በቀጥታ ማሰር እንደዚሁ። ይሄ የሙቀቱን ምክንያት ደብቆ ያቆየዋል እንጂ አያድነውም፣ ሞተሩም እንደቀዘቀዘ እየሰራ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱም ይቆሽሻል። ምልክቱ ቀላል ነው፣ ቴርሞስታት የሌለው መኪና ጠዋት ለመሞቅ በጣም ይቆያል፣ በአዘዞ መንገድ በፍጥነት ስትነዱት ደግሞ ሙቀቱ ይወርዳል። ባለቤቱን በአክብሮት "ለምን ተነቀለ?" በሉት፣ መልሱን በጥሞና ስሙ።

መጨረሻ ላይ፣ ከነዳችሁት በኋላ ኤሲ ከፍታችሁ ቆሞ ሀያ ደቂቃ ይስራ። ቬንትላተሩ በራሱ መነሳት አለበት። የኢ39 የሙቀት መለኪያ ቀስት መሀል ላይ ቆሞ ስላያችሁ ብቻ አትመኑ፣ ቀስቱ ከ75 እስከ 115 ዲግሪ ድረስ ከመሀል አይነቃነቅም፣ ሲነሳ ረፍዷል። እውነተኛውን ዲግሪ በስካነር እዩት።

ደረጃ 7፦ መንዳት

ከፒያሳ ተነሱና መጀመሪያ ቀበሌ ውስጥ ያለ ኮብልስቶን ላይ ሬድዮ አጥፍታችሁ መስኮት ከፍታችሁ ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ ቴስቲኒ (የመሪው መገጣጠሚያ)፣ ቡሽ፣ አሞርዛተር ያለቀ ሁሉ እዛ ይጮሀል። ከዛ ወደ ጎሀ ሆቴል ዳገቱን ውጡ። ኦቶማቲክ ካምቢዮው ዳገት ላይ ሲቀንስና ሲጨምር መምታት የለበትም፣ ሞተሩ ጮሆ መኪናው ካልተንቀሳቀሰ እየተንሸራተተ ነው። ስትወርዱ እግራችሁን ከነዳጅ አንስታችሁ በሞተር ይያዝ፣ ታች ስትደርሱ ረገጥ አድርጋችሁ በመስታወት ወደኋላ እዩ፣ ሰማያዊ ጭስ ብቅ ካለ የቫልቭ ጋይድ ነው። ፍሬኑም እዚሁ ቁልቁለት ላይ ይፈተን፣ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል።

ማርቸዲስ ድንገት ሁለተኛ ማርሽ ላይ ቆልፎ አልቀይርም ካለ ካምቢዮው ራሱን ከጉዳት እየጠበቀ ነው፣ አንዳንዴ ሽቦው የሚሰካበት ቦታ ዘይት አፍስሶ ነው፣ ርካሽ ነው፣ አንዳንዴ ግን የራዲያተሩ ውስጥ ያለው የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣ ተቀዶ ኩላንት ገብቶበት ነው፣ ያ ካምቢዮ መቀየር ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የተሰሩት ላይ ይሄ የታወቀ ነው፣ ራዲያተሩ ተቀይሯል ወይ በሉ።

የአየር እግር ያለው ከሆነ ማታ ቁመቱን በጣት ለክታችሁ ጠዋት ድገሙት፣ አንዱ ጥግ ከወረደ ያፈሳል። ኮብልስቶንና ጉብታ ለበዛበት ከተማ እኔ ተራ ሞላ ያለውን እመርጣለሁ።

ደረጃ 8፦ ኮምፒውተር

ስካነሩ "ምንም ስህተት የለም" ቢል ብቻውን አይበቃም፣ ትናንት ማታ ተሰርዞ ሊሆን ይችላል። ባለሙያው የመኪናው ኮምፒውተር በራሱ የሚያደርጋቸው ፍተሻዎች መጠናቀቃቸውን ያሳያችሁ፣ ብዙዎቹ ያልተጠናቀቁ ከሆነ ኮዱ በቅርብ ተጠርጓል ወይም ባትሪ ተነቅሏል። ሁለት ቀን ነድታችሁ ድገሙት።

ደረጃ 9፦ ዋጋና ቀብድ

ያገኛችሁትን ጉድለት ጽፋችሁ የእቃውን ዋጋ ከአዲስ አበባ ጠይቃችሁ ተደራደሩ፣ "ትንሽ ቀንስልኝ" ከማለት ይሻላል። ካላችሁ ገንዘብ ቢያንስ ሩቡን ለመጀመሪያ ጥገና ያዙ፣ ይሄ ከሌላችሁ በሙሉ ገንዘባችሁ ቅንጡ መኪና አትግዙ፣ ከልቤ ነው ምላችሁ። የደላላውንም ኮሚሽን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሁለት ቁልፍ ጠይቁ፣ የማርቸዲስ ቁልፍ በሰፈር አይቀረጽም።

ቀብድ ስትሰጡ በጽሁፍና በምስክር ይሁን። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ህግ መሰረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ቀሪውን በባንክ ክፈሉ፣ ውልና ማስረጃ ላይ የከፈላችሁትን እውነተኛ ዋጋ አስጽፉ፣ ታክስ ለመቀነስ ተብሎ ያነሰ ዋጋ ከተጻፈ ክርክር ሲመጣ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ደረጃ 10፦ የመጀመሪያው ሳምንት

ባለቤቱ "ትናንት ነው የቀየርኩት" ቢላችሁም ፈሳሹን ሁሉ ቀይሩ። የሞተር ዘይት ለቤንዚን ማርቸዲስ 229.3 ወይም 229.5 የሚል ማህተም (የማርቸዲስ የዘይት ደረጃ ቁጥር) ያለው፣ የካምቢዮ ዘይት ለደብሊው 210 እና 211 236.14 የሚለው፣ ለሌላው የመኪናው መጽሀፍ የሚያዘው፣ ከነፊልትሩ። "የካምቢዮው ዘይት አይቀየርም፣ እድሜ ልክ ነው" የሚለውን አትስሙ፣ በዚህ ኪሎ ሜትር እድሜው አልቋል፣ አብዛኛው መለኪያ ዘንግ ስለሌለውም ለካምቢዮው በታዘዘው የዘይት ሙቀት ለክቶ የሚሞላ ሰው ይስራው። ኩላንቱን ግማሽ በግማሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ሙሉ፣ የማጠራቀሚያውን ክዳን አዲስ ግዙ፣ ቴርሞስታት ከሌለው መልሳችሁ አስገጥሙ፣ ቢኤም ከሆነ የውሃ ፓምፑንና ማጠራቀሚያውን አብራችሁ ቀይሩ። ከአዲስ አበባ እቃ ስታስመጡም አንድ ቺንጋ፣ አንድ የላይኛ የውሃ ቱቦና የፍሬን ሸራ ጨምራችሁ ቤት አስቀምጡ፣ ቢያንስ በነዚህ ሶስቱ ምክንያት መኪናው ጋራዥ ውስጥ እቃ እየጠበቀ አይቆምባችሁም።